የተወካያችን ሥራ በንግግር ብዛት አይለካም፦ ለቀረበው ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሰፈራችን ብዙ ሰው ያነበበውና የተነጋገረበት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው እንደ እኔው ከአያት ወዲያ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የጽሑፋቸው ዒላማ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእኛን የምርጫ ክልል የወከሉት ወይዘሮ ናቸው። ወይዘሮዋ ሚኒስትር አይደሉም፤ የኮሚቴ ሰብሳቢም አይደሉም፤ የአንድ ቋሚ ኮሚቴ ተራ አባል ናቸው። የቀረቡባቸው ክሶች ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ በዓመት ውስጥ በምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረበውን ሁሉ እጃቸውን አውጥተው ያጸድቃሉ፤ ወደ መራጩ ብቅ የሚሉት ምክር ቤቱ ዕረፍት ሲወጣ ነው፤ የውሃ፣ የካርታና የመታወቂያ ችግራችንን አልፈቱም፤ ስለዚህ ወንበራቸው ለዳርቻው ነዋሪ ምንም አይፈይድም።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አምናለሁ። ምሬታቸውም የእኔ ምሬት ነው፤ የምንጠጣው ያው በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ነው፤ የምንጋፋውም እዚያው ታክሲ ላይ ነው። ነገር ግን ያስቆጣቸው ነገር ሌላ፣ ቁጣቸው ያረፈበት ሰው ሌላ ሆነው አገኘኋቸው። የብሎኮቻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የአቤቱታ ደብዳቤዎቻችን በየት በኩል ሄደው የት እንደሚቆሙ በቅርብ አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

በንግግሩ ክስ ልጀምር። ሁለት ጊዜ መናገራቸው እውነት ነው፤ ቁጥሩን አልክድም። የማልቀበለው ከቁጥሩ የተወሰደውን ድምዳሜ ነው። የምክር ቤቱ ወንበሮች 547 ናቸው። በአንድ ረቂቅ አዋጅ ላይ እያንዳንዱ አባል ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገር ቢባል ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መደበኛ ስብሰባ የሚካሄደው ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 እንደሚደነግገው የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ከዚህ ላይ የፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግርና በእሱ ላይ የሚቀርበው የድጋፍ ሐሳብ (ሞሽን)፣ የሚኒስትሮች ሪፖርት፣ የበጀት ክርክርና የብድር ስምምነቶች ሲነሱ ለአንድ ተራ አባል የሚተርፈውን ደቂቃ ማንም መገመት ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጥያቄ በሚቀርቡበት ቀን እንኳን የመጠየቅ ዕድል የሚደርሳቸው ጥቂት አባላት ናቸው።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ከካሜራው ውጪ ነው። አንድ ረቂቅ አዋጅ በመጀመሪያ ንባብ ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል፤ ረቂቁን ያመጣውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ያስረዳኝ ይለዋል፤ የሚመለከታቸውን ሰዎች ጋብዞ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያካሂዳል። ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ረቂቁን ለሁለተኛ ንባብ ይዞት ይመጣል። እኛ ቤታችን ተቀምጠን የምናየው ይህን የመጨረሻውን ጥቂት ሰዓት ነው። ክትትልና ቁጥጥር የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቶቹን ዕቅድ ይገመግማል፣ የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸማቸውን ይሰማል፣ መስክ ወርዶ ያያል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ የሚያቀርበው ግኝትም መሥሪያ ቤት በመሥሪያ ቤት የሚመረመረው በኮሚቴ ደረጃ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ምን እንደጠየቀ ሳያውቁ አንድን አባል ዝምተኛ ማለት ፍርድን ማስቀደም ይሆናል።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ ላንሳ። ከብሎኮቻችን ጎን ትልቅ መንገድ ሲሠራ የተከመረው አፈር ዝናቡ ለዘመናት ሲወርድበት የነበረውን መንገድ ዘጋው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ አቅጣጫውን ቀይሮ ምድር ቤት ያሉትን ቤቶች ወረረ። ፍራሽ በደረጃ እጀታ ላይ ተሰጥቶ፣ የዱቄት ጆንያ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት ወጥቶ፣ አንዲት አራስ ደግሞ ልጇን ታቅፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ውሃው እስኪቀንስ ስትጠብቅ አይተናል። ለወረዳው ጻፍን፤ ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ መራን፤ ክፍለ ከተማው መንገዱ የእኔ አይደለም አለ። መንገዱን ወደሚያሠራው መሥሪያ ቤት ስንሄድ ሥራው በዲዛይኑ መሠረት እየተሠራ ነው ተባልን። ውሃውን ከመንገዱ ሥር ማሳለፍ የነበረበት ቱቦ የማን እንደሆነ የሚነግረን ሰው ጠፋ።

የካቲት ላይ ወይዘሮዋ ለመራጮች ውይይት ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲመጡ ፋይሉን ሰጠናቸው። ቃል አልገቡልንም። የጠየቁን አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱን ማን እንደሚከፍልለት ታውቃላችሁ ወይ አሉን። አናውቅም ነበር። እሳቸው የዓመቱን የበጀት አዋጅ አባሪ ገልጠው ፕሮጀክቱን በመለያ ቁጥሩ አገኙት። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ የካፒታል ፕሮጀክት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ስንት፣ ከብድር ስንት፣ ከዕርዳታ ስንት እንደተያዘለት በየዓምዱ ተጽፏል። ገጹን ኮፒ አድርገው አመጡልን፤ በእርሳስ የተሰመረበት አንድ መስመር ነበር። እነሆ ባለቤቱ ታወቀ። ከዚያም የዲዛይኑን ጉዳይ አስጠይቀው በዚያ ስፍራ መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ ሁለት ቱቦዎች ታቅደው የተቀበረው አንዱ ብቻ መሆኑን ደረሱበት።

እሳቸው ያንን መሥሪያ ቤት የሚከታተለው ኮሚቴ አባል አይደሉም። ስለዚህ ጉዳዩን በጽሑፍ አድርገው ለዚያ ኮሚቴ ሰጡ፤ የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ሲገመገም አንድ የኮሚቴው አባል ጥያቄውን አነሱላቸው። የመሥሪያ ቤቱ መልስ ማኅተም አርፎበት በአንድ ገጽ መጣ፤ ቅጂው ለእኛም ደረሰን። የቀረው ቱቦ ከክረምቱ በፊት ተቀበረ። በታችኛው በኩል ያለው ቦይ ዛሬም አላለቀም፤ ሁለት ብሎኮች አሁንም ውሃ ይገባቸዋል። ይህንን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ጉዳዩ አልተዘጋም። ሆኖም ያን ዓመት ሙሉ ወይዘሮዋ በመደበኛው ስብሰባ ላይ ስለ ቱቦው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጸሐፊው ባቀረቡት ሚዛን ይህ ሁሉ ሥራ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል። አራሷ ግን በሚቀጥለው ክረምት ቤቷ ደረቅ ነበር።

እጅ ስለማውጣቱ ክስ ስመጣ ነገሩ ይከብዳል። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው የተናገሩት ብዙ እውነት አለው። በ1997 ምርጫ የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች በሙሉ በተቃዋሚው ቅንጅት ተይዘው ነበር። በ2002 ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ወደ ምክር ቤቱ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የተመረጡት ከአዲስ አበባ ነው። በ2007 ሁሉንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች ውስጥ 410 የብልጽግና ፓርቲ ሆኑ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ቃል ጆሯችንን ቢያደነዝዘው አይገርምም።

ይሁንና ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው የተራ አባል እጅ ከመጀመሪያውም ዋጋ የለውም ሲሉ ታሪኩን ይዘሉታል። የካቲት 23 ቀን 2010፣ በዓድዋ ድል በዓል ዕለት፣ ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ድምፅ ሰጥቷል። በአዳራሹ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አልነበረም። 88 አባላት ግን ተቃወሙ፤ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ለአዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር እያንዳንዱ እጅ ተፈልጎ ተቆጠረ። ደጋፊዎቹ በመጀመሪያ 346 ናቸው ተብሎ በኋላ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ሲታረም አገር ሁሉ የተከራከረው በዚያ ቆጠራ ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 2011 ላይ፣ የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ሲጸድቅ 33 አባላት ተቃውመዋል። የካቲት 2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ 23 ተቃውሞ ገጥሞታል። እነዚያ እጆች የሚኒስትሮች እጆች አልነበሩም። አብዛኞቻችን ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ከየምርጫ ክልላቸው የመጡ ተራ አባላት ናቸው ያወጧቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ሲል ለፓርቲ ብሎ አልጨመረም። በሰጡት ድምፅም አይከሰሱም። በሩ ክፍት ነው፤ ይግቡበት ወይ አይግቡበት የአባላቱ ፈንታ ነው።

ታዲያ የእኛ ተወካይ በዚህ በኩል እንዴት ናቸው? በመራጮች ውይይት ላይ አንድ አዋጅ ለምን እንደደገፉ ስጠይቃቸው ፓርቲያቸው ተወያይቶ የወሰነው ስለሆነ ነው አሉኝ። መልሱ አላረካኝም፤ አለመርካቴንም እዚያው ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ከጸሐፊው የምለየው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ለእኛ የሚነገረን ድምሩ ነው፤ ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ተአቅቦ ይባላል። የማን እጅ የት እንደነበረ በስም ተዘርዝሮ አይደርሰንም። ጸሐፊው ወይዘሮዋ ሁሉንም አጽድቀዋል ያሉት በምን አይተው ነው? ምናልባት ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን እሳቸውም እኔም ማረጋገጥ አንችልም። ድምፅ በስም ይመዝገብ፣ ዝርዝሩም ለመራጩ ይድረስ ብለው ቢጽፉ ኖሮ እኔም ከሥሩ እፈርም ነበር። ያን ጊዜ ፓርቲዬ ወሰነ የሚል መልስ ለተወካይም አይቀልም፤ የሰጡት ድምፅ በስማቸው ተጽፎ አዳራሹ ውስጥ ይጠብቃቸዋልና።

የሚመጡት በዕረፍት ወቅት ብቻ ነው ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም። ምክር ቤቱ በዕረፍት ወቅት አባላቱን ወደ መራጮቻቸው የሚልከው ለዚሁ ሥራ ነው፤ የሕዝቡ ጥያቄ ተጠናቅሮ ለአስፈጻሚው የሚደርሰው ከእነዚያ ስብሰባዎች ነው። ከአራት ኪሎ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የምርጫ ክልል ያለው አባል በመካከሉ ቢጠፋ ይገባኛል። የእኛዋ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ እኛ ዘንድ በአውቶቡስም ይደረሳል። በወር አንድ ቅዳሜ በወረዳው አዳራሽ ቢቀመጡ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ወደ ውሃው፣ ወደ ካርታውና ወደ መታወቂያው እንሂድ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጠጥ ውሃ የሚያቀርብልን የከተማው መሥሪያ ቤት ነው። የቤት ካርታ የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚወጣው ከወረዳ ነው። እነዚህን የሚቆጣጠር የራሱ ምክር ቤት አለ፤ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን ከንቲባውን የሚጠይቀውም እሱ ነው። እኛ በ2013 ድምፅ ስንሰጥ የተሰጠን ወረቀት ከአንድ በላይ ነበር፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። ጸሐፊው በረጅሙ ጽሑፋቸው የከተማ ምክር ቤት ተመራጮቻችንን አንድ ቦታ እንኳን አላነሱም። ኤሌክትሪክ፣ ቴሌኮምና ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ በእነዚህ ወይዘሮዋን አጥብቀን መጠየቅ እንችላለን፤ መጠየቅም አለብን። የውሃ ቧንቧው ግን በእሳቸው ደጅ አያልፍም።

በዳርቻው የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከመሐል ከተማው ነዋሪ የባሰ ግራ መጋባት አለብን። ነሐሴ 2014 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል የወሰን ጉዳያቸውን መቋጨታቸውን አስታወቁ። በ2015 ደግሞ በከተማችን ዙሪያ የነበሩት ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎን የመሳሰሉ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። መስመሩን ተሻግሮ ያለው ጎረቤታችን አቤቱታው ወደ ክልሉ መንግሥትና ወደ ክልሉ ምክር ቤት፣ ወደ ጨፌ ኦሮሚያ ይሄዳል። ቤቱ ከመስመሩ ወዲያ፣ ሱቁ ወዲህ የሆነ ሰው አለ፤ ለቤቱ አንድ ምክር ቤት፣ ለሱቁ ሌላ ምክር ቤት ነው። እዚህ ሰፈር ትክክለኛውን ቢሮ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ወይዘሮዋ በቱቦው ጉዳይ ያደረጉልንም ከሁሉ በፊት ይኸው ነበር። ሥልጣኑ ያላቸውን ትቶ ቅርብ የተገኘችውን ተራ አባል መውቀስ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል፤ ዳውላውን የፈለግነውን ያህል ብንመታው አህያው አይሰማውም።

ጸሐፊው ወይዘሮዋ መራጮቻቸውን በቅጡ አያውቁም ማለታቸውንም አንብቤያለሁ። እስቲ ይህን እንመልከተው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብና ቤት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ጥቂት ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዝሞ ተራዝሞ በ2011 ሰኔ ላይ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። የከተማዋ ወንበሮች ግን ያው 23 ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ምን ሆነ? ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ዕጣ ደርሶት ወይም ምትክ ተሰጥቶት ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣ። እኛ በመጣን ጊዜ ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ሰፈር ሆኗል። የመሐሉ ሰው ሲቀንስና የዳርቻው ሲበዛ የአንዱ የዳርቻ ተወካይ ትከሻ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዛት ከመሐሉ ተወካይ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። ማን ቆጥሮት? ይህ የወይዘሮዋ ጥፋት ነው ልንል አንችልም፤ ቆጠራው እንዲካሄድ ግን ደጋግመው ሊጠይቁ ይገባቸዋል። እኔ በዚህ ላይ ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ሲናገሩ መስማትም እፈልጋለሁ። ሁለት ጊዜ ተናገሩ ብሎ ከመቁጠር በሦስተኛው ስለዚህ ተናገሩልን ማለት ይበልጥ ይጠቅመናል።

የመጨረሻው፣ ወንበሩ ለእኛ አይፈይድም የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነጥብ ነው። ከዳርቻው ሕይወት ውስጥ በዚያ አዳራሽ ያላለፈ ምን አለ? እዚህ የሚኖረው ሰው ስንቱ ተከራይ እንደሆነ ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይሆን፣ ጭማሪውም አከራዩ በፈለገ ሰዓት እንዳይደረግ ደንግጓል። ከዚያ በፊት ኪራይ መቼ ይጨመርብኝ ይሆን እያለ ተከራይ እንቅልፍ አልነበረውም። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ጉድለት አለ፤ ሕጉ ግን የተጻፈው በዚያ አዳራሽ ነው። በዙሪያችን ያሉ ገበሬዎች መሬታቸው ለልማት ሲወሰድ የሚከፈላቸው ካሳ የሚሰላው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሃያ ዓመት ቆጥባ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ያገኘችውን መበለት ይነካል። እነዚህን ሁሉ የኮሚቴ አባላት አንቀጽ በአንቀጽ አይተዋቸዋል፤ በአስተያየት መድረክ ላይ ከዳርቻው ሄዶ የተናገረ ሰው ስንት ነበር? የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ለየትኛው መንገድ ስንት እንደተያዘ አባሪውን ገልጦ የሚያሳየን ሰው ከሌለ እኛ ጎርፉ ሲመጣ ብቻ ነው የምናውቀው።

ጸሐፊው ወይዘሮዋ እምነታቸውን አጉድለዋል ብለው ከልብ ካመኑ ሕገ መንግሥቱ መንገድ ሰጥቷቸዋል። በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ተጽፏል፤ አንቀጽ 54ም ይህንኑ ይደግማል። በዚያ መንገድ ቢሄዱ አልቃወማቸውም፤ መብታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ወንበሩ አይጠቅምም ማለት ወንበሩን ለማን መተው እንደሆነ ቢያስቡበት እወዳለሁ። የዳርቻው ሰው በአራት ኪሎ ያለው መቀመጫ ይህ ነው፤ ሌላ የለውም።

በሚቀጥለው የመራጮች ውይይት ጸሐፊው ከጎኔ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። እኔ ሦስት ነገር ይዤ እገባለሁ። አንደኛው፣ ባለፈው ዓመት በቀረቡት አዋጆች ላይ ድምፃቸውን እንዴት እንደሰጡ በየአዋጁ በጽሑፍ እንዲሰጡን ነው፤ ምክር ቤቱ በስም ባይመዘግብ እሳቸው ራሳቸው ሊነግሩን ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ከሰፈራችን ተቀብለው ለየመሥሪያ ቤቱ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ዝርዝር ከእነ ቀናቸውና ከተሰጣቸው መልስ ጋር በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው፤ መልስ የነፈገ መሥሪያ ቤት ካለ ስሙ በዚያ ይታይ። ሦስተኛው የታችኛው ቦይ ነው። ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ የዘጠኝ ወሩ ግምገማ ከመድረሱ በፊት ፎቶግራፉንና የሁለቱን ብሎኮች ነዋሪዎች ፊርማ እሰጣቸዋለሁ።